ለፒክአፕ ካሶኒ የምንጣፍ ሽፋን፦ በማስቲሽ ይለጠፍ ወይስ በቬልክሮ ይያዝ?

ባለ ሞንታርቦው (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። የፒክአፕ መኪናን ካሶኒ በምንጣፍ ስለ ማልበስ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መኪናዬ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። የምተዳደረው ለሠርግና ለስብሰባ የድምፅ መሣሪያ በማከራየት ስለሆነ ሞንታርቦ፣ ሚክሰር፣ የማይክ ማቆሚያ፣ ጥቅል ገመድና አንዳንድ ጊዜም አነስተኛ ጄኔሬተር ጭኜ ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ኩታበርና ወደ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ካሶኒው አሁን የለበሰው ጠንካራውን ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ላሜራውን ከግጭት ይከላከላል፤ ዕቃውን ግን አያድንም። እጅግ የሚያንሸራትት በመሆኑ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ በየጥምዙ ሞንታርቦዎቹ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየሄዱ ይላተማሉ፤ የሳጥናቸው ማዕዘን ተልጦ እንጨቱ መታየት ጀምሯል። ብርድ ልብስ ባነጥፍም ብርድ ልብሱ ከዕቃው ጋር አብሮ ይንሸራተታል፤ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ውሃውን ጠጥቶ እስከ ማግሥቱ አይደርቅም።

በውጭ አገር ለየመኪናው ሞዴል በልክ የሚሠራ፣ ላዩ ምንጣፍ ሥሩ ፎም የሆነ፣ ወለሉንም ጎኖቹንም የኋላውን ስፖንዳም የሚያለብስ ሽፋን እንዳለ አይቻለሁ። ይህንን በዘመድ በኩል ማስመጣት እችላለሁ። ካልሆነም ጥቅል ምንጣፍ እዚሁ ገዝቼ የመኪና ወንበር ለሚያለብስ ባለሙያ አስቆርጬ ማስለጠፍ እንደምችል ነግረውኛል፤ ዋጋውም በብዙ ይቀንሳል። የሚያሳስበኝ ግን የደሴ ክረምት ነው። ምንጣፉ ውሃ ይዞ ላሜራውን ከሥር ቢያዝገውስ? በማስቲሽ ቢለጠፍ ይሻላል ወይስ በቬልክሮ (ተጣብቆ በሚላቀቀው ባለ ጥቃቅን መንጠቆ ጨርቅ) ተይዞ ሲያስፈልግ ቢነሳ? በተጨማሪም በዓል ሲደርስ ለቤተሰብና ለጎረቤት በግ የማመጣው በዚችው መኪና ነውና ለዚህ መላ ካላችሁ ንገሩኝ። የምትሰጡኝን ምክር ሁሉ በጥሞና አነባለሁ።


ላሜራ ሠሪው (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እኔም በሥራዬ ምክንያት ከሽፋን ሥር የተበላ ካሶኒ ብዙ ጊዜ ስለማይ በዝርዝር ልመልስልዎ።

ምንጣፉን ከመምረጥዎ በፊት ፕላስቲኩን ፈትተው ያንሱና ላሜራውን ይዩት። ሰው ፕላስቲኩ እያለ ካሶኒዬ አይዝግም ብሎ ያምናል፤ የሚሆነው ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ፕላስቲኩም አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ በመካከል የገባው አሸዋና አቧራ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ቀለም በሌለበት ቦታ ላይ ውሃ ሲተኛ ደግሞ ዝገቱ ይጀምራል። በተለይ ከጋቢናው ጀርባ ያለውን የፊት ጥግ፣ በወለሉ ላይ ያሉትን ቦዮችና የቡሎን ዙሪያዎችን ይመርምሩ። ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ያስፍቁት፣ በቲነር ያስጠርጉት፣ አንቲረስት ያስቀቡትና ከላዩ የመኪናውን ቀለም ያስደርቡበት። ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ወይም የተበሳ ቦታ ካለ ግን ቀለም መፍትሔ አይሆንም፤ የበሰበሰው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። ቀለሙ በሚገባ ሳይደርቅ ምንም ነገር አይልበስበት፤ ከላይ ደረቅ መስሎ ከውስጥ ያልደረቀ ቀለም ላይ የተለጠፈ ነገር ቀለሙን ይዞት ይነሳል።

ስለ ማስቲሽ የጠየቁትን በአንድ ቃል ለመመለስ፣ ወለሉ ላይ ማስቲሽ አይቀቡ። ምክንያቱ ማስቲሹ ስለማይዝ አይደለም፤ እንዲያውም አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ምንጣፍ የለበሰ ካሶኒ በዓመት አንዴ፣ ከተቻለም ከበልጉ ዝናብ በኋላና ከክረምቱ በኋላ፣ ተነሥቶ ከሥሩ መታየት፣ መታጠብና መድረቅ አለበት። በማስቲሽ የተለጠፈ ምንጣፍ ሳይቀደድ አይነሳም፤ ስለዚህ ማንም አያነሣውም፤ ሥሩ ምን እንደሆነም ላሜራው እስኪበሳ ድረስ የሚያውቅ የለም። በቬልክሮ የተያዘ ከሆነ ግን እርስዎ ራስዎ በአጭር ጊዜ አንሥተው ግድግዳ ላይ አስደግፈው ማድረቅ ይችላሉ። በውጭ አገር በልክ የሚሠሩትም በአብዛኛው በዚሁ መንገድ የሚያዙ ናቸው እንጂ አይለጠፉም፤ ቡሎንም ቀዳዳም አያስፈልጋቸውም። ምንጣፍ ለመያዝ ብሎ ላሜራ የሚበሳ ሰው ካጋጠመዎ አይፍቀዱለት፤ እያንዳንዱ አዲስ ቀዳዳ የዝገት በር ነው።

ወደ ምንጣፉ ዓይነት ልምጣ። ጥቅል ምንጣፍ ለመግዛት ሲሄዱ ሻጩ ሁሉንም ውሃ አይፈራም ሊልዎ ይችላል። የሚፈልጉት ፖሊፕሮፒሊን የተባለው የፕላስቲክ ክር ነው፤ ይህ ክር ውሃን ወደ ውስጡ አያስገባም፤ ውሃው በክሮቹ መካከል ቢቀመጥ እንኳ አየር ሲያገኝ ቶሎ ይደርቃል። ቤትዎ ሆነው የሚለዩበት ቀላል ዘዴ አለ። ከምንጣፉ ጥቂት ክሮች ቆርጠው ሳሙና ጠብ በተደረገበት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያጥልቋቸውና አየሩ እንዲወጣ በጣትዎ ይሹዋቸው። ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ የቀለለ ስለሆነ ተመልሶ ይንሳፈፋል፤ ናይለንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ፤ ጥጥና ሱፍም ውሃውን ጠጥተው ይወርዳሉ። ክሩን ካረጋገጡ በኋላ ጀርባውን መመርመር አይርሱ። ለሳሎን የሚሠራ ምንጣፍ ፊቱ ፕላስቲክ ሆኖ ጀርባው ብዙ ጊዜ ከጆንያው ዓይነት ቃጫ የተሠራ ነው። ይህ ጀርባ ውሃ ይጠጣል፣ ይሸታል፣ ይበሰብሳል፤ ከላሜራው ጋር የሚገናኘውም እሱ ነው። ከሥሩ ፎም የሚያደርጉ ከሆነም የአልጋ ፍራሽ ስፖንጅ አይሁን፤ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የማይገናኙ፣ ሲጨምቁት ውሃ የማያወጣ፣ እንደ ስፖርት መሥሪያ ምንጣፍ ጠጠር ያለው ፎም ይሁን።

አሁን ስለ አገጣጠሙ። ከውጭ የሚመጣው ተጣጥፎ በካርቶን ስለሚላክ እንደወጣ ወዲያው አይገጠምም፤ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ሽብሽቡ እስኪፈታ ይቆይ። ከዚያ ምንም ሳይለጠፍ ካሶኒው ውስጥ ገብቶ ይለካ፤ ጥጎቹ በትክክል መቀመጣቸውና ከጎማው በላይ ያሉት ጉብታዎች መግጠማቸው ይረጋገጥ። ቬልክሮው በመጀመሪያ በምንጣፉ ጀርባ ላይ ይቀመጣል፤ ላሜራው ቬልክሮው በሚያርፍባቸው ቦታዎች ላይ በአልኮል ይጠረጋል፤ በመጨረሻም የማጣበቂያው መከላከያ ወረቀት ከጋቢናው በኩል ጀምሮ አንድ በአንድ እየተላጠ፣ እያንዳንዱ ቦታ በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ይጫናል። ሁሉንም ወረቀት በአንድ ጊዜ የላጠ ሰው ምንጣፉ ያለቦታው ይይዝበታል፤ ሲያላቅቀውም ማጣበቂያው ይቆሽሻል።

ከጥቅል የሚቆረጥ ከሆነ ዋናው ሥራ ልኩ ላይ ነው። የደብል ጋቢና ካሶኒ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ፣ በጎማ ጉብታዎቹ መካከል ያለው ስፋት ደግሞ ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ሆኖም ሞዴሉ ሲለወጥ ልኩም ስለሚለወጥ ከሌላ መኪና የተወሰደ ልክ አይጠቀሙ። በካሶኒው ወለል ላይ ካርቶን ዘርግተው ጉብታዎቹን ከካርቶኑ ላይ ቀስ በቀስ እየቆረጡ ያስተካክሉ፤ ካርቶኑ በትክክል ሲቀመጥ ምንጣፉን ገልብጠው በጀርባው ላይ በጠመኔ ያስምሩ። በመስመሩ ላይ አይቁረጡ፤ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ትርፍ ትተው በካተር ከጀርባው በኩል ይቁረጡና ትርፉን ካሶኒው ውስጥ ካስቀመጡት በኋላ ይከርክሙት። ጉብታውን በአንድ ቁራጭ ለማልበስ አይሞክሩ፤ ይጨማደዳል። ላዩንና ጎኑን ለየብቻ ቆርጦ ማገናኘት ይሻላል። የክሩ ዘንበል ወደ ኋላው ስፖንዳ እንዲሆን ያድርጉ፤ ሲጠርጉት ቆሻሻው በቀላሉ ይወጣል።


አናጢው (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

የላሜራ ሠሪው ምክር ትክክል ነው፤ በሁለት ነገር ግን ከራሴ ልምድ የምጨምረው አለኝ፤ በአንዱ ደግሞ አልስማማም።

እኔ የተቀባ ቁም ሣጥን፣ የአልጋ ራስጌና የመስታወት ጠረጴዛ ለደንበኛ የማደርሰው ምንጣፍ በለበሰ ፒክአፕ ነው። ለተጠናቀቀ ዕቃ ከምንጣፍ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። በቫርኒሽ ያለቀ እንጨት ላሜራ ላይ ቢነካ ይጫራል፤ ጎማ ላይ ረጅም ሰዓት በፀሐይ ቢቀመጥ ደግሞ የጎማው ጥቁረት ይጋባበታል። ምንጣፍ ላይ ይህ የለም። ካሶኒው ውስጥ ተንበርክኮ ዕቃ የሚያስር ሰው ጉልበቱ አለመጎዳቱም ትልቅ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያወርድና ሲጭን የሚውል ሠራተኛ ያለው ሰው ይህንን ሊያቃልለው አይገባም።

የምጨምረው የመጀመሪያው ነገር ስለ ብርድ ነው። የቬልክሮ ማጣበቂያ በሙቀት የሚሠራ ነገር ነው። አብዛኛው የዚህ ዓይነት ማጣበቂያ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ላሜራ ጋር በሚገባ አይያያዝም፤ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው በደንብ የሚይዘው፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘውም ከተለጠፈ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ላሜራ በጠዋት ሲነኩት እጅ ያቆረፍዳል፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ያረፈበት ዕለት ደግሞ ዓይን የማያየው እርጥበት ይለብሳል። እዚህ ላይ ቬልክሮ የለጠፈ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ጥጉ ሲነሳ ያያል፤ ጥፋቱንም በቬልክሮው ላይ ያደርገዋል። ስለዚህ ሥራውን እኩለ ቀን ላይ፣ ላሜራው ፀሐይ ከመታው በኋላ ያሠሩት። ከተቻለዎ ደግሞ ለሥራ ኮምቦልቻ በሚወርዱበት ቀን እዚያው ያሠሩት፤ ኮምቦልቻ ከእኛ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች በመሆኗ ሙቀቱ ለዚህ ሥራ ይስማማል። ከተሠራ በኋላም ለሦስት ቀን ያህል ዕቃ ባይጭኑበትና ባያሳጥቡት መልካም ነው።

ሁለተኛው ስለ ፀሐይ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ውሃን ባይፈራም ፀሐይን ይፈራል። ለውጭ አገልግሎት የሚሠራው ምንጣፍ ፀሐይ የሚከላከል ነገር ይጨመርበታል፤ ለቤት ውስጥ የተሠራው ግን ብዙ ጊዜ የለውም፤ ክሩ ይደርቅና ሲጠርጉት እየተሰባበረ ይረግፋል። በከፍታ ቦታ ፀሐዩ የበለጠ ያቃጥላል። ስለዚህ የቤት ምንጣፍ ከገዙ መኪናዋ በቆመችበት ሁሉ ሸራ ያልብሷት፤ ይህን ማድረግ የማይችሉ ከሆነ ርካሹን መግዛት ቁጠባ አይሆንም።

የማልስማማው ጎኖቹን በሚመለከት ነው። ላሜራ ሠሪው ማስቲሽ በወለሉ ላይ አይሁን ያሉት ትክክል ነው፤ ከጥቅል ለሚቆረጥ ምንጣፍ ግን በጎኖቹ ላይ ቬልክሮ ብቻ በቂ ሆኖ አላገኘሁትም። በልክ የተሠራው በራሱ ቅርጽ ይቆማል፤ ከጥቅል የተቆረጠው ግን የራሱ ክብደት ወደ ታች ይጎትተዋል። እኔ ጎኖቹን በማስቲሽ አስለጥፌ ወለሉን ብቻ የሚነሳ አድርጌዋለሁ። ጎን ላይ ውሃ ስለማይተኛ ይህ ጉዳት አላመጣም። ማስቲሽ ከተጠቀሙ በሁለቱም ወገን በስሱ ይቀባ፣ በጣት ሲነኩት እስከማይለጥፍ ድረስ ይጠበቅ፣ ከዚያ ይጫን። እርጥብ ሳለ የተገናኘ ማስቲሽ አይይዝም። ሽታው ስለሚያሰክርና በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሠራ፤ በአጠገቡም ሲጋራ አይጨስ።

በጉን በሚመለከት፣ ምንጣፉ ላይ በጭራሽ አይጫን። የበግ ሽንት በክሮቹ መካከል ገብቶ በውሃ ብቻ አይወጣም፤ ጨውም ስላለው ወደ ላሜራው ከወረደ ያዝጋል። ለበዓል ሰሞን የወለሉን ምንጣፍ አንሥተው ቤት ያስቀምጡ፤ ወለሉ በቬልክሮ የተያዘ መሆኑ የሚጠቅመው ለዚህም ነው። ያንን የድሮውን ፕላስቲክም አይጣሉት፤ ለበግ፣ ለከሰል፣ ለሲሚንቶና ለጨው ጆንያ ጊዜ መልሰው ያስገቡት። ጤፍና ስንዴ ግን በጆንያ ሆኖ በምንጣፍ ላይ ቢጫን ችግር የለውም፤ የሚረግፈው ገለባ በመጥረጊያ ባይወጣም በአየር ግፊት ይወጣል።


የድሮ ሾፌር (ኮምቦልቻ)

አብሽሩ ወንድሜ፣ መላ አይጠፋም። ስለ ምንጣፉ የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ጭነት ስነዳ የኖርሁ ሰው ነኝና ሌሎቹ ያላነሱትን አደጋ ላንሳ፤ ጄኔሬተር እጭናለሁ ስላሉ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ጄኔሬተር ካለ ቤንዚን አለ፤ ቤንዚን ካለ ጀሪካን አለ። ጀሪካኑ ካሶኒው ውስጥ እንደተቀመጠ ማደያ ላይ በጭራሽ አይሞላ። ቤንዚን በቱቦ ውስጥ ሲፈስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጀሪካኑ መሬት ላይ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ይወርዳል፤ በፕላስቲክ ሽፋን ወይም በምንጣፍ ላይ ከሆነ ግን መውረጃ ያጣና በጀሪካኑ ላይ ይጠራቀማል፤ የመቅጃው ጫፍ ሲቀርበው ብልጭታ ይፈጠርና በአፉ ላይ ያለው ጋዝ ይቀጣጠላል። የብረት ጀሪካን ሲሆን አደጋው ይብሳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በ1998 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ማስጠንቀቂያው ፕላስቲክ የለበሰ የፒክአፕ ካሶኒንና ምንጣፍ ያለውን የመኪና ወለል በስም የሚጠቅስ ነው። ስለዚህ ጀሪካኑን አውርደው መሬት ላይ ያስቀምጡት፣ መቅጃውን ከጀሪካኑ አፍ ጋር እንደተነካካ ይያዙት፣ ቀስ አድርገው ይሙሉት፣ ክዳኑን ዘግተው ካበቁ በኋላ ይጫኑት። ማደያ ላይ የሚሠራው ልጅ ወረፋው ረዝሟልና ይፍጠኑ ቢልዎም እሺ አይበሉት።

ሠርጉ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ሰው ስለሚቸኩል ጄኔሬተሩ እንደጠፋ ይጫናል። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ሲሠራ ያመሸ ጄኔሬተር የጭስ ማውጫው ከዚህ የበለጠ ይግላል። ምንጣፉን ቢነካው ያቀልጠዋል፤ ቤንዚን ፈስሶበት ከሆነ ደግሞ የሚከተለውን መገመት ይቻላል። ጄኔሬተሩ ቀርቶ የመጨረሻ የሚጫን ዕቃ ይሁን፤ እስኪበርድ ድረስ ገመዱን ይጠቅልሉ። ጠርዝ ባለው ጎድጓዳ የላሜራ ትሪ ውስጥ ቢቀመጥ ዘይትና ቤንዚኑም ምንጣፉን አያገኘውም።

የመጨረሻው፣ ምንጣፍ ዕቃን አያስርም። መንሸራተቱን ይቀንሳል እንጂ ሐረጎ ላይ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ከባድ ሞንታርቦን የሚይዘው ገመድ ወይም የጭነት ቀበቶ ነው። ምንጣፉን የሚቆርጠው ሰው በካሶኒው ጥግ ያሉትን የገመድ ማሰሪያ ቀለበቶች እንዳያለብሳቸው ይንገሩት። ምንጣፉ ካማረ በኋላ ቀለበቶቹ ተሸፍነው ማሰሪያ ያጡ መኪኖች አይቻለሁ፤ ዕቃው ምንም ሳይታሰር ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ ማየት ያሳዝናል።


ባለ ሞንታርቦው (ደሴ)

ጋሼም ሆናችሁ ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጀሪካኑን ጉዳይ አላውቅም ነበር፤ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆችም ዛሬውኑ ነግሬያቸዋለሁ።

ፕላስቲኩን አንሥቼ አየሁት። ከጋቢናው ጀርባ በግራ በኩል መዳፍ የሚያህል ቦታ ዝጓል፤ ብረቱ ግን ጠንካራ ነው፤ ሲጫኑት አይሰረጉድም። በካሶኒው የፊት ጥጎች ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም በአቧራና በቅጠል ተደፍነው ነበር፤ ዝገቱ የተነሣው ውሃው እዚያው ሲተኛ ስለኖረ ነው ብዬ አስባለሁ።

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ትልልቆቹ ሞንታርቦዎች ከሥራቸው ትናንሽ ጎማ አላቸው፤ አሁን ገፍተን ነው የምናስገባቸው። ምንጣፍ ላይ ጎማው እየሰመጠ አያስቸግርም ወይ? ሁለተኛው፣ የኋላው ስፖንዳ ሲከፈት ከወለሉ ጋር የሚያገናኘው ክፍተት አለ፤ ጃኬትና ገመድ እየያዘ ያስቸግራል፤ ውሃም በዚያ ይገባል። እሱን በምንጣፍ መሸፈን ይቻላል?


አናጢው (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

ስለ ጎማው ልመልስ። አዎን፣ ይሰምጣል፤ ፎሙ ወፍራም በሆነ ቁጥር የበለጠ ይሰምጣል፤ ለዚህ ሲባል ፎሙ ስስና ጠጠር ያለ ይሁን። በተረፈ ካሶኒው በሚችለው ልክ ስስ ኮምፔንሳቶ ያስቆርጡና ሁለቱን ፊት ያስቀቡት፤ ሲጭኑ ያንጥፉት፣ ሞንታርቦዎቹ ቦታቸውን ሲይዙ ቀስ አድርገው ከሥራቸው ይሳቡት። ጎማዎቹ ምንጣፉ ላይ ሲያርፉ ያን ጊዜ መስመጣቸው ይጠቅማል፤ አይንሸራተቱም። ኮምፔንሳቶውን በቋሚነት ምንጣፉ ላይ መተው ግን ምንጣፉን ያለ ሥራ ማስቀረት ነው።


ላሜራ ሠሪው (ኮምቦልቻ)

መዳፍ የሚያህል ዝገት ከሆነና ብረቱ ጠንካራ ከሆነ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አይጨነቁ። ቀዳዳዎቹን ግን በሽቦ ጠርገው ውሃ ያፍስሱባቸውና ከመኪናው ሥር ሆነው መውረዱን በዓይንዎ ይዩ። አንዳንዱ ከላይ ክፍት መስሎ ከታች በጭቃ የተደፈነ ነው። ምንጣፉ ሲቆረጥ በነዚህ ቀዳዳዎች ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተውላቸው፤ አለበለዚያ ውሃው ከምንጣፉ ሥር ሐይቅ ይሠራል።

የስፖንዳው ምንጣፍ ከወለሉ ምንጣፍ ተለይቶ ለብቻው መቆረጥ አለበት። ሁለቱን በአንድ ቁራጭ ካደረጓቸው ስፖንዳው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ማጠፊያው ላይ እየተጎተተ ቬልክሮውን ይነቅለዋል። ክፍተቱን ለመሸፈን ከወለሉ በኩል ብቻ የተያዘ፣ በስፖንዳው ላይ በነጻነት የሚያርፍ የጎማ ቁራጭ ይበቃል፤ የቆየ የመኪና ከመነዳሪ ለዚህ ጥሩ ነው። ጥብቅ አድርገው እንዲዘጉት ግን አልመክርም። ውሃ በዚያ ይገባል ያሉት እውነት ቢሆንም፣ ካሶኒው ሲታጠብ አብዛኛው ውሃ የሚወጣውም በዚያው ነው።

ሲገጠም ሳይቸኩሉ አንድ ፍተሻ ያድርጉ። ወለሉ ተነጥፎ ቬልክሮው ከያዘ ከሦስት ቀን በኋላ መኪናዋን ፊቷን ወደ ዳገት አድርገው ያቁሟትና በካሶኒው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ያፍስሱ፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ቁልቁለት አዙረው ይድገሙት። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀው አራቱንም ጥግ ገለጥ አድርገው በደረቅ ጨርቅ ይንኩ። ጨርቁ የሚረጥብበት ጥግ ካለ እዚያ ያለው ቀዳዳ ተሸፍኗል ወይም ምንጣፉ ረዝሟል ማለት ነው፤ በካተር ጥቂት ይከርከም። ላቫጆ ስታስገቧት ደግሞ የግፊቱ ውሃ በቬልክሮው ጠርዝ ላይ በቅርብ እንዳይለቀቅ ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ ከአንድ ክንድ ርቀት ቢረጩት ምንጣፉም ይጠራል፣ ማጣበቂያውም አይነሳም። ዝገቱን ለማሠራት ወደ ኮምቦልቻ ሲመጡ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ላሜራው እስኪሞቅ ፍቀቱን እንጨርሳለን።